የቦራ ሁለተኛ ዐይን

ፈረስ ስንት ዐይን አለው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ሁለት ነው። ለእናንተ ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ይህችን መልስ ያገኘኋት በላቤ ነው፤ በዚችው ጉዳይ ሚስት ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ ለጊዜው ዝም ብላችሁ እመኑኝና ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። እኔ ያኔ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠጉሬን በውሃ አርሼ ወደ ኋላ የማበጥር፣ ዓባይን ተሻግሬ በመመለሴ ብቻ ዓለምን ያየሁ የሚመስለኝ ጎረምሳ አስተማሪ ነበርኩ። የተመደብኩት እንጅባራ ነው። የእንጅባራን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ተማሪዎቼን የምለያቸው በሳላቸው ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሆኖም ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጠዋት ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ያንን ጉም ነው የምመርጠው።

ሥዕል እንዳስተምር የተደረግሁት ሌላ የሚያስተምር ሰው ስለጠፋ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አዲስ አበባ ለኮርስ ተጠርቼ ነበር። እዚያ አንድ መነጽራም መምህር ከፊታችን ቆመና «ከእንግዲህ ሥዕልን እንደ ባላገር አፋችሁን ከፍታችሁ አታዩም» አለን። ሥዕል ሁሉ የሚሠራው ከመስመር፣ ከቅርጽ፣ ከቀለም፣ ከብርሃንና ጥላ፣ ከልስላሴና ሻካራነት፣ ከቦታም ነው አለ። እነዚህ ማገርና ወራጁ ናቸው። ቤቱን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ሥርዓቶች ደግሞ ሚዛን፣ ድግግሞሽ፣ ተቃርኖ፣ መጠን፣ ትኩረትና ስምምነት ይባላሉ። ማንኛውም ሥዕል ፊታችን ሲመጣ እነዚህን እየለቀምን ማውጣት አለብን። እኔ «ሥዕል» ያለውን ረሳሁና ከሁሉም ነገር ውስጥ መልቀም ጀመርኩ።

በሽታ ነው የሆነብኝ። የቀርከሃ አጥር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ቆሜ «ድግግሞሽ!» እላለሁ። ምሳ የምታሰናዳልኝ ባለቤቷ የሞተባት ጎረቤቴ አንድ ቀን ጎመኑን ከአይቡ አጠገብ አድርጋ አቀረበችልኝ። «አይ ተቃርኖ!» አልኩ በአድናቆት። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ጎመኑን ቀመሰችና ጨው ጨመረችበት። ቅዳሴ ላይ ደግሞ አንገቴን ወደ መቅደሱ ግድግዳ አጣምሜ የመላእክቱን ክንፍ ድግግሞሽ ሳጠና የአንድ ሽማግሌ እግር ላይ ቆሜ ቅዳሴው አለቀ። ሽማግሌው ጸሎት ላይ ስለነበሩ ዝም አሉኝ፤ ያሉኝን ያሉኝ ውጭ ከወጣን በኋላ ነው።

ተማሪዎቼንም አስለፋኋቸው። «ከየቤታችሁ ያለውን ሥዕል አምጡ፤ ከውስጡ ሚዛኑንና ትኩረቱን ታወጡልኛላችሁ» አልኳቸው። የክብሪት ቀፎ መጣ። የሳሙና ልባስ መጣ። በነጠላ የተጠቀለለች የእመቤታችን ሥዕል መጣችና መጀመሪያ ሁላችንም ተነሥተን ተሳለምናት፤ ሚዛኗን ለማውጣት የደፈረ አልነበረም። አንዷ ልጅ ቤታችን ሥዕል የለም ብላ የእናቷን የክት ጥልፍ ቀሚስ ይዛ መጣች። የጥልፉን ድግግሞሽ ገና ሳንጨርስ እናትየዋ በሩ ላይ ደረሰችና ቀሚሷን ከእጄ መንትፋ ሄደች። ሠርግ ቤት ልትሄድ ኖሯል።

አንጓችን ያየኋት በገበያ ቀን ነው። ክር ሻጩ ፊት ቆማ ለፈረስ ግላስ የሚሆን ክር ትመርጣለች። ግላስ ማለት ፈረሱ በክብር ቀን ጀርባው ላይ የሚጣልለት ያጌጠ ልብስ ነው፤ በዚያ አገር የሴት ልጅ እጅ የሚመሰገነው በእሱ ነበር። ቀይና አረንጓዴ ክር ይዛ ስታመነታ ተመለከትኩና እግሬ ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ።

«ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊያቸው» አልኳት። «ተቃርኗቸው ዐይን ይስባል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ መምህሩ ነዎት? ጎመን የሚመረምሩት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ፈገግ አለችና ሁለቱንም ክር ገዛች። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ስለ መስመሯም ሆነ ስለ ቅርጿ አንድም ነገር አልለቀምኩም፤ ኮርሱ ጠፍቶብኝ ዋለ።

ልጅቷ የግራዝማች ተገኘ ልጅ ናት ተባልኩ። ግራዝማች ከዘንገና ሐይቅ በላይ የሚኖሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ከሰው ይልቅ ከፈረስ ጋር መጫወት የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ፈረሳቸውን የሚያናግሩት ግን በአገውኛ ብቻ ነው። ፈረሱ ቦራ ይባላል። መልኩ ዳማ፣ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ ይወርድበታል፤ ቦራ መባሉም ለዚሁ ነው። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ ሜዳ ሲወጣ ግራዝማችና ቦራ ሲያልፉ እልል የማትል ሴት አልነበረችም ይባላል።

ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሎቹ መሪ አለቃ ፈንታ ናቸው፤ የደብሩ አለቃ፣ ቅዳሴ ላይ እግራቸውን የረገጥኳቸው ሽማግሌ። (እንዴት እሺ እንዳሉኝ ዛሬም ይገርመኛል።) ማታ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«እሺም አላለም፣ እምቢም አላለም» አሉኝ። «ከአዘና አንድ ፈረሰኛም ጠይቆታል አሉ። ለሁለታችሁም ከጥር ጊዮርጊስ በኋላ እመልሳለሁ ብሏል። ላንተ ግን አንድ ነገር አዟል።»

«ምን?»

«ፈረሱን ሥለህ እንድታመጣለት። ለቦራ ይኼ የመጨረሻ ጊዮርጊሱ ነው፤ ጉልበቱ ደክሟል፣ መልኩ ቤቴ ይቀመጥልኝ ነው የሚለው። ደሞ ምን አለ መሰለህ፦ ፈረስ አይቶ የማያውቅ ሰው ልጄን ምኗን አይቶ ነው የጠየቀኝ?»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። የአዘናው ሰው ይጋልብ! እኔ በሥዕል ከተፈተንኩማ ሙሽሪት ቤቴ ገባች ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ጥቂት ወፍራም ወረቀት ነበረኝ። ከሰሉን ከአዲስ ቅዳም ገበያ፣ ከከሰል ሻጮች ጆንያ ሥር ለቃቅሜ አገኘሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ቦራን ከአጥሩ ጋር እንደታሰረ ከጎኑ ሣልኩት። መጠኑን በአውራ ጣቴ ለካሁ፤ ሆዱ ሥር ጥላ አደረግሁ፤ ጋማውን አሻከርኩ፤ ገላውን አለሰለስኩ። መነጽራሙ መምህር ቢያየው ያቅፈኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራዝማች ቤት ሰው ተሰበሰበ። አለቃ ፈንታ አሉ፤ የአንጓች እናት ወይዘሮ ደብሬ ጠላ ይቀዳሉ፤ አንጓች ከመጋረጃው ኋላ ናት፣ እግሯ ይታየኛል። ግራዝማች በልተው ገና እጃቸውን አልታጠቡም። ወረቀቱን በቅቤያም አውራ ጣታቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ቀረቡ። አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ሌላው ዐይኑስ?» አሉ።

«በዚያ በኩል ነው፣ ግራዝማች።»

ወረቀቱን ገለበጡት። ባዶ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት፤ ጠርዙንም ሳይቀር።

«የለም» አሉ።

«ማለቴ፣ ከጎን ሲታይ በወዲያኛው በኩል ስለሚሆን…»

«እግሩም ሦስት ነው።»

«አራተኛው በሦስተኛው ተሸፍኖ ነው፣ ግራዝማች።»

«በጀርባው አየሁት እኮ። የለም ነው የምልህ። ነጩስ? ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ የት ሄደ? ቦራነቱን ከወሰድክበት ይኼ የሰው ፈረስ ነው።»

ወይዘሮ ደብሬ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ጠጋ ብለው አዩ፤ ወዲያው አማተቡ። «ምነው ልጄ! ይኼ እንስሳ ምን በድሎ ነው? ሰው ረግጦ እንኳ አያውቅ!»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አለቃ ፈንታ ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ። «አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ያን ሁሉ ጊዜ እግሬ ላይ ቆመህ ግድግዳውን ስታይ ምን ነበር የምታየው? ባንድ ዐይን የሚሣለው ማነው?»

ያኔ ነው የበራልኝ። ሰይጣን ባንድ ዐይን ነው። ይሁዳ ባንድ ዐይን ነው። ጌታን የገረፉት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ባንድ ዐይን ነው የተሣሉት። ጻድቃን ግን ሁለት ዐይናቸውን ከፍተው ፊት ለፊት ያዩናል። ይህን ማንም ምእመን ያውቀዋል። እኔም ከልጅነቴ አውቀው ነበር፤ የክንፍ ድግግሞሽ ስለቅም ነው የጠፋብኝ። የሰውየውን ፈረስ ከነገላው፣ ከነጋማው፣ ከይሁዳ ወገን አድርጌ ሥዬ አቀረብኩላቸው።

ሥዕሉን አቅፌ ተመለስኩ። ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ስሕተቴን አውቄያለሁና ማረም ነው። ሁለት ዐይን ይፈለጋል፣ ነጩ ይፈለጋል። እንግዲያው ፊት ለፊት! ሁለተኛውን ሥዕል በክርና በማስመሪያ ሠራሁት። ቀኙ ከግራው በጸጉር እንኳ አይበልጥም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሚዛን ሠርቼ አላውቅም።

ግራዝማች አሁንም ወደ በሩ ወሰዱት። «ዐይኑ ተገኝቷል» አሉ። ልቤ ዘለለ። «ነጩም አለ።» ልቤ ሁለተኛ ዘለለ። ከዚያ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩና «ገላውን ማን በላው?» አሉ።

«ከበስተኋላው ነው፣ ግራዝማች…»

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ጸጸተኝ። ወረቀቱን ገለበጡት። «እዚህም የለም።»

አለቃ ፈንታ ሊያግዙኝ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። «ጉጉት መሰለኝ» አሉ። «ግን እኮ ጥሩ ጉጉት ነው።»

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የመምህሩን ፈረስ ጅብ በልቶት ጭንቅላቱ ብቻ ተገኘ ተብሏል። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ በእውነተኛ ሐዘን «ጅቡ ተያዘ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥዕሉን ያን ማታ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ስለ ሦስተኛው ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል። ራቅ ብዬ ሁሉንም ላስገባ ብዬ ነው ጥፋቱ። ዘንገና ሐይቅን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን ሣልኩ፤ ግራዝማችን በቦራ ላይ አስቀምጬ ከማዶ አመጣኋቸው። ሩቅ ያለ ነገር ትንሽ ይሆናል፣ ቅርብ ያለው ትልቅ፤ ቦታ የሚባለው ነገር ይኸው ነው። በቅርብ በኩል ባዶ እንዳይሆን ብዬ አንድ በግ ጨመርኩ። ግራዝማች ለረጅም ጊዜ ፈልገው ራሳቸውን አገኙ፤ ከበጉ ጆሮ ያንሳሉ። ወረቀቱን ለሚስታቸው አቀበሉ። ወይዘሮ ደብሬ ብቻ አዘኑልኝና «በጉስ ሸጋ ነው» ብለው ሥዕሉን ጓዳ ሰቀሉት።

ጥር ገባ። አለቃ ፈንታ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የአዘናው ፈረሰኛ ለበዓሉ አዲስ ልጓም አሠርቷል ይባላል። እንቅልፍ አጣሁ፤ ጎመኑም አይበላልኝ አለ፣ ጎረቤቴ ጨው ቀንሳ ብትሞክርም። ጊዮርጊስ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስወጣ አንጓች ከአጥሩ ሥር ቆማ አገኘኋት። ግላሱን ታቅፋለች፤ አልቋል። ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ናቸው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ቦራን አይተውታል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሦስቴ ሣልኩት እኮ!»

«መሣሉንስ ሥለውታል። አይተውታል ወይ ነው ያልኩ።»

ዐይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ለካ ጉዳዩ የኔ ብቻ አልነበረም።

«ነገ ከሰዓት በላይኛው ሜዳ ይለቀቃል» አለችና ሄደች።

ወረቀቴ አልቋል። ዳንግላ ወርጄ እንዳልገዛ ቀን የለኝም። የቀረኝ ያ የመጀመሪያው፣ ባለ አንድ ዐይኑ ፈረስ ብቻ ነው፤ ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ጥጉ ላይ ካለችው ከግራዝማች የቅቤ አውራ ጣት አሻራ በቀር። እሱኑ ይዤ ወጣሁ።

ያ ሜዳ ዛሬም ይናፍቀኛል። ሣሩ በብርድ ተመትቶ ቢጫ ሆኗል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከታች ሐይቁ በዛፎቹ መሃል ይታያል። ቦራ ብቻውን ቆሞ ይግጣል። ተቀመጥኩና ማየት ጀመርኩ። አሁን የምነግራችሁ እውነት ነው፤ ያን ቀን ነው ፈረሱን መጀመሪያ ያየሁት። ለካ አርጅቷል። ከዐይኑ በላይ ያለው ስፍራ ጎድጉዷል። የፊት ግራ እግሩን ለማሳረፍ ትንሽ ያነሣዋል። ኮርቻ የተቀመጠበት ጀርባው ላይ ጸጉሩ ነጥቷል፤ የግራዝማች ዕድሜ ያለው እዚያ ነው። መለካቱን ተውኩና ያየሁትን አሰፈርኩ። አራቱም እግሮቹ ተራመድ ብለው ቆመው ነበርና አራቱንም አገኘኋቸው። የቀረኝ ጭንቅላቱ ነው፤ እሱን ግን ወዲያ አዙሮ ይግጣል።

ጠራሁት። «ቦራ! ቦራዬ!» ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። አፏጨሁ። አጨበጨብኩ። የሚቀጥለውን ባልነግራችሁ ይሻለኝ ነበር፤ ዘፈንኩለት። ጅራቱን ወደኔ አዞረና ጥቂት ካሰበ በኋላ እንደነበረ ቆመ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። አንጓች ከነግላሷ አዘና ስትገባ ታየኝ፤ ዐይኔ በእንባ ሞላ።

ከኋላዬ ኮቴ ተሰማኝ። ግራዝማች ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ይመጣሉ፤ ፈረሱን ሊወስዱ ነው። እኔን አላዩኝም፤ ሣሩ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ገና ከሩቅ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ በአገውኛ አንዲት ቃል ተናገሩ።

ቦራ ቀና አለ። ገላውን እንዳለ ትቶ አንገቱን ብቻ አዙሮ አየ። ነጩ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ወረደ። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዐይን። የሚያኝከውን አቁሟል። አፌን እንደ ባላገር ከፍቼ አየሁት፤ እጄ በራሱ ጊዜ ሣለ። መነጽራሙ መምህር ያን ክረምት ሙሉ ትኩረት ትኩረት ሲል የነበረው ይህንን ይሆን አልኩ። የሥዕሉ መስመር ሁሉ ወደዚያ ፊት የሚሄደው እኔ ስለወሰድኩት አልነበረም፤ ፈረሱ የሚወደውን ሰው ስለሚያይ ነው።

ስጨርስ ግራዝማች ራሴ ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐይዋ አዙረው አዩት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ገለበጡት፤ ባለ አንድ ዐይኑን ፈረስ አዩ። መልሰው ገለበጡት፤ ባለ ሁለት ዐይኑን አዩ። ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ልነሣ ስል በሣቅ ፈረሱ።

«መምህር፣ ልክ ነበርክ» አሉኝ ዐይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «በዚያ በኩል ነበር።»

ጊዮርጊስ ዕለት ቦራ የአንጓችን ግላስ ለብሶ ወጣ። አልጋለበም፤ ግራዝማች በእርምጃ ነው ሜዳውን ያሻገሩት፣ እልልታው ግን ለጋላቢዎቹ ከተሰጠው በለጠ። የአዘናው ሰው መልካም ሰው ነበር፤ በሠርጋችን ቀን መጥቶ ከሁሉ በላይ የጨፈረው እሱ ነው።

ቦራ ክረምቱን አላለፈም። ግራዝማች ሥዕሉን ምሰሶው አጠገብ ሰቅለው ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያወረዱ በሁለቱም በኩል ያሳዩ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ዐይኑን፣ ቀጥሎ ሁለቱን። ሲያርፉ ሥዕሉ ለእኛ ደረሰን። አሁን ጠርዙ ተበልቷል፤ የቅቤዋ አሻራ ግን ጥጉ ላይ አለች። በቅርቡ ሥዕል የተማረ ዘመዳችን መጥቶ አይቶት አንገቱ ከመጠን በላይ ረዝሟል፣ ሚዛኑም ወደ ግራ ያደላል አለኝ። እውነቱን ነው አልኩት።

ያኔ ከግራዝማች ዓርባ በኋላ ነው፣ ሥዕሉን ከአልባሳት ሣጥኑ ትይዩ ሰቅለነው ሳለ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሳልጠይቅ የኖርኩትን አንጓችን ጠየቅኋት። ግራዝማች ሜዳው ላይ ያሏትን ቃል ጆሮዬ እንደያዛት አድርጌ አልኩላትና «ምን ማለት ነው? ዙር ነው? ና ነው?» አልኳት። የፈረስ ትእዛዝ ነበር የምትመስለኝ።

በአገውኛዬ ትንሽ ሣቀች። ከዚያ ሣቋ ቀረ።

«አባቴ ‹መጣሁ› ነው ያለው» አለችኝ።

ሁለታችንም ወደ ሥዕሉ ተመለከትን። ቦራ አንገቱን አዙሮ የአልባሳት ሣጥኑን ያያል። አንጓች ተነሣችና አወረደችው፤ በሩን ፊት ለፊት በሚያይበት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።